የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ልጄን ኳስ ብዬ ነው የላክሁት»

ጥያቄ፦ ጅማ የምኖር አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ከ11 እስከ 13 ዓመት ያሉ የሰፈራችንን ልጆች በነጻ ኳስ አሰለጥናለሁ። ከኳሱ ጋር ሥነ ምግባርና ፈሪሃ ፈጣሪ ቢያድርባቸው ምኞቴ ነው። ስለዚህ ከጨዋታ በፊት ክብ ሠርተን ጮክ ብዬ በእኔ እምነት እጸልያለሁ። በቀደም የአንድ ሙስሊም ልጅ አባት «ልጄን ኳስ ብዬ ነው የላክሁት» ብለው አስቀሩት። በዚያ ላይ ዋናው አጥቂያችን ዳኛ ተሳድቧል፤ የፊታችን እሁድ ደግሞ ግማሽ ፍጻሜ አለን። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትየው ልክ ናቸው። ጅማ ላይ ቡድን ስትሰበስብ ጁምዓ የሚሰግደውን፣ ቅዳሴ የሚያስቀድሰውንና ጸሎት ቤት የሚዘምረውን ባንድ ማልያ ታሰልፋለህ። ወላጆቻቸው አደራ የሰጡህ ኳሱን ነው። ልጅ ደግሞ አንተ ስትጸልይ «እኔ አልገባም» ብሎ ከክቡ አይወጣም፤ አሰላለፍ የምታወጣው አንተ ነህና ይፈራሃል።

ሄርማታ ታዳጊዎች የሚባለውን ቡድን ሳሰለጥን ሜዳ ከመግባታችን በፊት ለአንድ ደቂቃ ያህል ጸጥ እንላለን። አንዱ መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፣ አንዱ ያማትባል፣ አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል። የሚመራ የለም።

የልጆቹን እምነት ማክበርህ የሚታየው በሰዓት አወጣጥህ ነው። አስቀድሶ የሚመጣ ልጅ ከማታው እራት ወዲህ እህል አልቀመሰም። አንድ ተከላካያችን እሁድ ጠዋት ነጠላውን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ በሩጫ ደረሰ፤ ገና ማሟሟቅ ስንጀምር ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ። ጎኑ የነበረው ሙስሊም ጓደኛው ማንም ሳያዘው ከሱቅ ሙዝ ገዝቶ መጣና ልጦ ሰጠው። ለእኔ የእምነት ትምህርት ማለት ይህ ነው። የእሁድ ጨዋታችንን ከሰዓት አደረግነው። በረመዳንም ልምምዱን በማለዳ አድርገህ ሩጫውን ቀንስ። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ መጾም ግዴታው ባይሆንም ብዙዎቹ ከትልልቆቹ እኩል መጾም ያምራቸዋል። በጓደኞቹ ፊት «ውሃ ጠጣ» ብለህ አታሸማቅቀው፤ ካዞረው ግን ልምምዱን አስቁመህ ለወላጁ ደውል።

አጥቂህ እሁድ አይሰለፍ። ጫናው ይገባኛል፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት ዋንጫ ሲያነሳ ያየ ወላጅ ሁሉ ልጁን በዚያ ማልያ ያልማል። ቢሆንም ልጆቹ ስለ ሥነ ምግባር ከምትነግራቸው ይልቅ እሁድ ማን እንደተሰለፈ ነው የሚያዩት። ቅዳሜ ለብቻው ጠርተህ ንገረው፤ በጓደኞቹ ፊት አታዋርደው፣ አታባርረውም። ማልያውን ለብሶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ዳኛውን ይቅርታ ሲጠይቅ አብረኸው ሂድ። ስድቡን ከየት እንዳመጣውም ልብ በል፤ ብዙ ጊዜ ከሜዳው ዳር ከሚጮኹ ትልልቅ ሰዎች ነው የሚቀዳው፤ እነሱንም አነጋግር። ለቡድኑ የደራርቱ ቱሉን ታሪክ ንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቁን ካገኘች በኋላ ተፎካካሪዋን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን መጨረሻው መስመር ላይ ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ጅማ ላይ ይህን የማይወድ ልጅ አላየሁም።

አባትየው ቤት ዛሬ ነገ ሳትል ሂድ፤ በስልክ አይሆንም። ቡና ከቀረበ ጠጣ። ልጁ እየሰማ «ልክ ነበሩ፣ ጸሎቱን ትቼዋለሁ» በላቸው። ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ቁርዓን የሚቀራ እንደሆነም ጠይቅ፤ ከሆነ ልምምዱን ወደ ከሰዓት አዛውረው።