ገደቡ ከ90 ወደ 85 ሲወርድ፦ መሰኪያ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰላም ወንድሜ። «የሥራ ቦታ የድምፅ ገደቡ ከ90 ወደ 85 ዴሲቤል ሊወርድ ነው፤ አለቆቼ ለሁሉም የጆሮ መሰኪያ እናድላለን ይላሉ፤ ይበቃል ወይ?» ብለሃል። አይበቃም። በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ የደህንነት ኃላፊ ሆኜ ይህንኑ ለውጥ ስላየሁት ያጋጠመኝን ልንገርህ።

የአዲሱን ደንብ ጽሑፍ ያዝና አንድ ነገር ፈልግ፦ ድምፁ በስንት ዴሲቤል ሲጨምር ነው የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ የሚቀንሰው? በ5 ወይስ በ3? ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 85 ነው፤ እኛን ያስደነገጠን ግን ይኼኛው ነው። የኦሻ (የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት) ገደብ 90 ሆኖ ስሌቱ በ5 ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2003 መመሪያ ደግሞ በ3 ያሰላል። የድምፅ ኃይል በየ3 ዴሲቤሉ እጥፍ ስለሚሆን ለጆሮ የሚበጀው 3 ነው ባይ ነኝ።

በቁጥር እንየው። አንድ ሠራተኛችን በቀን 1 ሰዓት ያህል ግራይንደር ይይዝ ነበር፤ ጆሮው ጋ 97 ዴሲቤል። በድሮው ስሌት (90 ለ8 ሰዓት፣ በ5) 97 ላይ 3 ሰዓት ይፈቀዳል፤ ስለዚህ የቀን ድርሻውን ሲሶ ብቻ ነበር የሚጠቀመው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በአዲሱ (85 ለ8 ሰዓት፣ በ3) የሚፈቀደው 30 ደቂቃ ነው። ያው ሰው፣ ያው ማሽን፣ ያው አንድ ሰዓት፤ ከገደቡ እጥፍ ሆኖ አረፈው።

ስለዚህ ማሽኑን ሳይሆን ሰውየውን ለካ። በእጅ የሚያዘውን መለኪያ ይዞ በየማሽኑ ዞሮ ቁጥር መጻፍ ካርታ ለመሥራት ይጠቅማል እንጂ የአንድን ሰው ውሎ አይነግርህም። ዶዚሜትር (ሰው ለብሶት የሚውል፣ የደረሰበትን ድምፅ የሚደምር መለኪያ) ትከሻው ላይ፣ ከጆሮው ጎን አድርገህ ሙሉ ፈረቃ ይዋልበት፤ በፊትም በኋላም በካሊብሬተር (መጠኑ የታወቀ ድምፅ በሚሰጥ ማረጋገጫ) አረጋግጠው። ሥራ የቀዘቀዘበት ቀን አትለካ። የጥገና ሠራተኞችንና የማታ ፈረቃን አትርሳ፤ እኛ ረስተን ሁለተኛ ዙር ለመለካት ተገደናል።

ከዚህ ልኬት ትልቁን ነገር ተማርን። አንዲት የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ጸጥ ያለ ቦታ ውላ ከገደቡ በላይ ወጣች። ምክንያቱን ስናጣራ ፈረቃው ሊያልቅ ሲል ለ20 ደቂቃ በኮምፕሬሰር አየር አቧራ ታራግፋለች፤ 100 ዴሲቤል። በአዲሱ ስሌት 100 ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የአየር ግፊቱን ቀነስን፣ አፈሙዙን ድምፅ በሚቀንስ ዓይነት ቀየርን፣ አብዛኛውን ጽዳት ደግሞ በብሩሽ አደረግነው። ለእሷ መሰኪያ ሰጥተን ዝም ብንል ኖሮ ይህን መቼም አናውቀውም ነበር። ብረት የሚወድቅበትን ሳጥን ውስጡን ጎማ ማልበስ፣ የላላ ላሜራ ማጥበቅ፣ ያረጀ ኩሽኔታ መቀየር፤ ርካሾቹ መፍትሔዎች እነዚህ ናቸው፣ ከእነሱ ጀምር።

መሰኪያው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሱም በካርቶን አድሎ መሄድ አይደለም፤ አንድ በአንድ አሳያቸው። የስፖንጁን መሰኪያ በጣት አጥብቀህ ታቀጥነዋለህ፣ በሌላው እጅህ ከጭንቅላትህ በላይ ዞረህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ትስባለህ፣ አስገብተህ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ በጣትህ ትይዘዋለህ። እሽጉ ላይ «ይህን ያህል ዴሲቤል ይቀንሳል» የሚለው ቁጥር የላቦራቶሪ ቁጥር ነው፤ ኦሻ ራሱ 7 ቀንሰህ ለ2 አካፍል ይላል፤ 33 የተባለው 13 ይሆናል ማለት ነው። በ8 ሰዓት ውስጥ 30 ደቂቃ ብቻ ያወለቀ ሰው ደግሞ መሰኪያው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ከ12 ዴሲቤል የበለጠ ጥቅም አያገኝም። በጣም የሚያፍነውንም አትግዛ፤ የፎርክሊፍት ጥሩንባ ካልተሰማቸው ያወልቁታል፣ ልክም ናቸው።

የመስማት ምርመራውን ደንቡ ሥራ ላይ ሳይውል አሁን አስጀምር። የመነሻው ምርመራ ቢያንስ ከ14 ሰዓት የድምፅ እረፍት በኋላ ይሁን፤ ከፈረቃ በቀጥታ የመጣ ሰው ውጤቱ ያሳስታል። በውጤቱ ወረቀት ላይ 4000 ሄርትዝ (ቀጭን ድምፅ) አካባቢ ያለውን መስመር በተለይ ተመልከት፤ የድምፅ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው፤ ሰውየው ገና «ደህና እሰማለሁ» እያለህ።

ዶዚሜትር ለመግዛት በጀት ከሌላችሁ ለሁለት ሳምንት ተከራዩ። የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ሲወጡ ላክልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።