በሁዳዴ ጅቡ ለምን ባሰበት?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ጫፍ ላይ ተራራው ስር ነው፣ ቤት ሰርተን ከገባን ሶስት አመት ሆነን። ጅቡን ለምደነዋል ማለት ይቻላል ግን ሁዳዴ በገባ ቁጥር ይብስበታል፣ ዘንድሮማ የጎረቤታችንን አህያ በራቸው ላይ ሆዷን ዘርግፏት አደረ። ባለቤቴ "ጅብ ጥንብ ነው የሚበላው፣ በቁሙ ያለ ነገር አይደፍርም፣ አህያዋ ታማ ነበር" ይላል። እናቴ ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት ለኪዳን ስለምትወጣ እኔ እንቅልፍ የለኝም። እውነት በጾም ይብሳል ወይስ ለኔ መስሎኝ ነው? ደሞ ጅብ ወንድም ሴትም ነው የሚባለውስ?

እንቅልፍ ያጣችው፣ ከየካ

መልስ፦ እህታችን አልመሰለሽም። ጅቡ አይጾምም፣ ልኳንዳው ግን ይዘጋል፣ ነገሩ እሱ ነው።

በፈረንጆቹ 2012 የወጣ አንድ ጥናት አለ፣ ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ የተሰራ ነው፣ ተመራማሪዎቹ ከሁዳዴ በፊት፣ በጾሙ ውስጥና ከፋሲካ በኋላ የጅብ ዓይነ ምድር እየለቀሙ ውስጡ ያለው ጸጉር የየትኛው እንስሳ እንደሆነ አዩ (ስራ ነው በሉ እንግዲህ)። የአህያ ጸጉር በ55ቱ ቀን ከበፊቱ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ፣ ፋሲካ ሲያልፍ መልሶ ቀነሰ። ማለትም የልኳንዳውና የየቤቱ ትርፍራፊ ሲጠፋበት ወደ አደን ዞረ ማለት ነው። አህያ ደግሞ ሌሊት ውጪ የምታድር፣ ጠባቂ የሌላት ምስኪን ነች።

ለባለቤትሽ ይሄን ንገሪልን፦ ድሮ ሳይንቲስቶቹም እንደሱ ነበር የሚያስቡት። ታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ ላይ ቱሪስቱ ጠዋት ሲመጣ አንበሳው ይበላል፣ ጅቦቹ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ፣ በቃ ጅብ ለቃሚ ነው ተባለ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ሃንስ ክሩክ የሚባል ተመራማሪ ሌሊቱን አብሯቸው ማደር ሲጀምር ነው ጉዱ የወጣው፣ ለካ ብዙውን ጊዜ የገደሉት ጅቦቹ ናቸው፣ አንበሳው መጥቶ ቀምቷቸው ነው። እና አህያዋ ጤነኛም ብትሆን አይምራትም ነበር።

ወንድም ሴትም ነው የሚባለው ውሸት ነው፣ ግን ሰው ዝም ብሎ አልፈጠረውም። የሴቷ ብልት ከውጪ ሲታይ ከወንዱ አይለይም፣ የምትወልደውም በዚያው ነው። በዚያ ላይ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መንጋውንም የምታዘው እሷ ነች። አያ ጅቦ እያልን ያደግነው፣ አለቃዋ ለካ እቴጌ ነበረች!

ስለ እናትሽ፣ እሱ እንደቀልድ አይታይም። ብቻቸውን አይውጡ፣ ከጎረቤት እናቶች ጋር ተጠራርተው ባትሪ ይዘው ይሂዱ፣ ቢያጋጥማቸውም አይሩጡ። ድምጹ ግን ሁሌ አያስደንግጥሽ፣ የጅብ ጩኸት እስከ 5 ኪሎሜትር ስለሚሰማ በር ላይ ነው ያልሽው ተራራው ላይ ሊሆን ይችላል።

ሰፈር ውስጥ "መርዝ እናስቀምጥለት" የሚል እንደማይጠፋ እንገምታለን፣ እባካችሁ ተዉ፣ ውሻውም አሞራውም አብሮ ነው የሚያልቀው። ደሞ ጅቡ የሚሰራልንን ስራ ማን ሊሰራው ነው? መቀሌ ላይ ተጠንቶ በፈረንጆቹ 2021 እንደወጣው የከተማዋ ጅቦች በአመት ከ200 ቶን በላይ የሞተ እንስሳና የእርድ ትርፍራፊ ይጠርጋሉ፣ ያ ሁሉ ቢቀመጥ አባሰንጋና የከብት ቲቢ ይዞ ይመጣ ነበር። ሐረሮችማ ከጥንት ጀምሮ በጀጎል ግንብ ላይ መግቢያ ቀዳዳ ትተውለታል።

አህያ ያላቸው ጎረቤቶች ማታ ግቢ አስገብተው በደንብ ይዝጉባት። ፋሲካ ሲደርስ ጋብ ይላል፣ የበጉን ሆድዕቃ ከአጥር ውጪ ከወረወራችሁት ግን ያው እዛው በራችሁ ላይ ነው ሲጮህ የሚያድረው።