ለጤና ተማሪ ፊዚክስን ከየት መጀመር ይሻላል?

እህቴ፣ ወደ ጤና ትምህርት ለመግባት የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ እንዳስጨነቀሽ ገልጸሽ፣ ፎርሙላ መሸምደድና የቆዩ ፈተናዎችን መሥራት ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሻል። አይበቃም። እኔም በዚያው መንገድ አልፌ ዛሬ በማደንዘዣ ሙያ እሠራለሁ።

አንደኛ፣ ከፎርሙላው በፊት መለኪያውን እወቂ። የደም ግፊት 120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው ሲባል የሜርኩሪን እፍጋት 13,600 በስበት 9.8 እና በዓምዱ ቁመት 0.12 ሜትር አባዥ፤ 16,000 ፓስካል ገደማ ይመጣልሻል። ስሌቱን በደም እፍጋት ብትደግሚው ደግሞ፣ የታካሚው ክንድ ከልቡ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ሲለካ ንባቡ ለምን 8 ሚሊሜትር ያህል እንደሚጨምር ራስሽ ትደርሺበታለሽ።

ሁለተኛው የፈሳሽ ፍሰት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ። በቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት በግፊቱ፣ በቱቦው ርዝመትና በሬዲየሱ እንዴት እንደሚወሰን በሚገልጸው በፕዋዜይ ሕግ መሠረት፣ ግፊቱና የቱቦው ርዝመት ሳይለወጡ ሬዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ ፍሰቱ 16 እጥፍ ያንሳል። ይህንን ከሰውነት አሠራር ጋር አያይዞ የሚያስረዳን የማጠናከሪያ ትምህርት እንዲዘጋጅልን ለመጠየቅ ወደ ትምህርት ክፍሉ ስንሄድ፣ ቢሮ ውስጥ የነበሩት ኃላፊ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩን «ለጤና ባለሙያ ፊዚክስ ምን ያደርግላችኋል? ሸምድዳችሁ እለፉ» ብለው አሰናበቱን። ንግግራቸው ብዙ ጓደኞቼን ከትምህርቱ ስላራቀ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ሕጉ በስሙ የሚጠራው ፈረንሳዊው ፕዋዜይ ራሱ እኮ ሐኪም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1828 የደም ግፊትን በሜርኩሪ መለኪያ ያጠናውም እርሱ ነው። የቀረነው ተማሪዎች ማታ ማታ እየተሰበሰብን፣ መልሱን ካገኘን በኋላ እንኳ «ይህ በእጥፍ ቢያድግስ? ያ በግማሽ ቢቀንስስ?» እያልን እያንዳንዱን ጥያቄ ደጋግመን ሠራን። ደም በብዛት የሚፈሰው ታካሚ ሲመጣ ረጅምና ቀጭን ሳይሆን አጭርና ሰፊ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) የምናስገባበትን ምክንያት ለተለማማጆች ከዚያው ሕግ ተነሥቼ ሳስረዳ፣ ያንን ድካም በኩራት አስታውሰዋለሁ።

ሦስተኛ ልል የነበረው ስለ ድምፅ ሞገድና ስለ አልትራሳውንድ ነው፤ እርሱ ግን ይቆይ። ይልቅ ለጤና አይጠቅምም ብለሽ የሜካኒክስን ምዕራፎች እንዳትዘይ አደራ፤ ግፊት ማለት ፎርስ ለስፋት ሲካፈል ስለሆነ፣ ፎርስን በደንብ ሳይረዱ ወደ ፈሳሽ የገቡ ተማሪዎች እዚያው ሲቸገሩ አይቻለሁ። የፎርስ ጥያቄዎችን በሥዕል እያስደገፍሽ ጨርሺ፣ ከዚያ ወደ ግፊት፣ ከግፊት ወደ ፍሰት እለፊ።