የሚሞተውንና የሞተውን ለይታችሁ ጻፉ

ልጆቼ፣ የሕክምና ትምህርት ለጀመራችሁ፣ ጨርሳችሁም ተረኛ ሆናችሁ ሌሊቱን ለምታነጉ ሁሉ ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ ስፋሰለስ ይባላል፤ ፈጽሞ የሞተ የአካል ክፍል ማለት ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ ሕክምና የሚጠራው የለም ማለት ይቻላል። እኔም ያገኘሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አሮጌ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ነው። ትርጉሙን ባነበብሁ ጊዜ ግን ከ40 ዓመት በፊት ያሳለፍኋት አንዲት ሌሊት ከነድምፅዋ መጣችብኝ።

ያኔ ጀማሪ ሐኪም ነበርሁ። አንዲት እናት ስድስት ዓመት የሚሆነውን ልጇን አዝላ ከገጠር መጣች። ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ወጌሻ በቀርቀሃ ስንጥር አስሮለታል። ክንዱ ባበጠ ቁጥር ጨርቁ እየጠበቀ ሄዶ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። እጁ ቀዝቅዟል፤ ጣቶቹ ጠቁረዋል። «በድን ሆነብኝ፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ነው የሚያድረው» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «በድን» የሚለውን ብቻ ነበር። ካርዱ ላይ ጋንግሪን (ሥጋ ሲሞት የምንሰጠው ስም ነው) ብዬ ጻፍሁና ክንዱን ለመቁረጥ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ እንዲዘጋጅ አዘዝሁ።

መምህሬ ተጠርተው መጡ። ካርዱን አላነሡም። ጨርቁን በመቀስ ቆርጠው ጣሉና የልጁን የአውራ ጣት ጥፍር ተጭነው ለቀቁት። ጥፍሩ ነጣ። ቆየ። ከዚያ በጣም በዝግታ ቅላት ተመለሰበት። ጣቱን በመርፌ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ልጁ ጮኸ። «የሚሞት ነው ወይስ የሞተ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ለእኔ ሁለቱም ጋንግሪን ነበሩ።

የመምህሬ ጥያቄ ከ1,800 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ጥያቄ ነው። የስፋሰለስ መነሻ የሆነው ስፋኬሎስ የግሪክ ቃል ሲሆን በጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል። በዚያ ዘመን ትርጉሙ ገና አልጠራም ነበር፤ ከጽሑፎቹ አንዱ አንጎሉ በስፋኬሎስ የተያዘ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል፣ ሦስቱን ቀን ካለፈ ግን ይድናል ይላል። በሁለተኛው መቶ ዓመት የተነሣው ሐኪም ጋሌን ነገሩን ለየው። ጋንግሪን ያለው በብርቱ ብግነት ተይዞ ወደ ሞት የሚሄደውን፣ ቶሎ ከተደረሰለት ግን ሊመለስ የሚችለውን አካል ነው። ስፋኬሎስ ያለው ደግሞ ፈጽሞ የሞተውን፣ ቢወጉት የማይሰማውን ነው። ጋንግሪን የሚለው ቃል ራሱ ከማኘክና ከመጋጥ ጋር ይያያዛል። የሚያኝክ ደግሞ ገና በልቶ አልጨረሰም፤ ሊያስጥሉት ይቻላል። ቃሉ ይህን ያህል ነገር በውስጡ ይዞ ነበር።

የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪሞች ሁለቱንም ወረሱ። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ከእነርሱ ብዙዎቹ ጅማሬውን ጋንግሪን፣ ፍጻሜውን ስፋሰለስ እያሉ ይለዩ ነበር። ለጠቅላላው ሞርቲፊኬሽን የሚል ቃልም ነበራቸው። እሱ ከላቲን የመጣ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ የእኛ መነኮሳት ሥጋን መጎሰም የሚሉትን ዓይነት ተጋድሎ ያመለክት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በተራው ንግግር ከባድ ኀፍረት ማለት ሆኗል። በኋላ በድን ከሚለው የግሪክ ቃል የተገኘው ኔክሮሲስ መጣ። መጀመሪያ ለአጥንት ሞት ብቻ ይውል ነበር። ማይክሮስኮፕ ተስፋፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1858 ደግሞ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርሾ በሽታን ከሕዋስ ተነሥቶ የሚያስረዳውን ትምህርቱን ካሳተመ በኋላ የሐኪሙ ዓይን ከእጅና ከእግር ወደ ሕዋስ ወረደ። ኔክሮሲስ ከአጥንት አልፎ ለሌላውም አካል ሞት ሰፋ፤ ስፋሰለስ ከሐኪም አፍ ጠፋ፤ ጋንግሪንም የሚሞተውንና የሞተውን አንድ ላይ ተሸክሞ ቀረ። እኔ በዚያች ሌሊት የጻፍሁት ይህንኑ ሸክሙ የበዛበትን ቃል ነው።

ስፋሰለስ ዛሬም በሕይወት ያለበት አንድ ቦታ አለ። እሱን ሳውቅ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እ.ኤ.አ. በ1827 ፈረንሳዊው ሌቬዬ በእህል ራስ ላይ የሚበቅል ፈንገስ አይቶ ከዚሁ ቃል ስፋሴሊያ ብሎ ሰየመው። በ1853 የአገሩ ልጅ ቱላን ያ ፈንገስ ራሱን የቻለ ሳይሆን የኤርጎት አንድ የዕድገት ደረጃ መሆኑን አሳየ። ኤርጎት በእህሉ ፍሬ ቦታ የሚገባ ጥቁር፣ ቀንድ መሳይ ነገር ነው። ከእህሉ ጋር ተፈጭቶ ሲበላ ደም ሥርን ያጠብባል። እግር መጀመሪያ ይቃጠላል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም ደርቆ ይወድቃል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ይህን መከራ የቅዱስ አንቶኒ እሳት ይሉት ነበር፤ የእኛው አባ እንጦንስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978 ደግሞ በወሎ፣ በዋድላ ደላንታ፣ በኤርጎት የተበከለ ሲናር የበሉ ሰዎች በዚሁ ሕመም እጅና እግራቸውን አጡ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአርሲ ተደገመ። በዚያው ፈንገስ ውስጥ ካለው ነገር የተገኘው ኤርጎሜትሪን ማሕፀንን አኮማትሮ የወላድን ደም ያቆማል፤ አዋላጆቻችን ያውቁታል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሁለቱም እግሮቹ የጠቆሩበት ገበሬ ከፊታችሁ ሲቀመጥ ከቁስሉ በፊት ጎተራውን ጠይቁት። ዘንድሮ ምን በላችሁ? ሲናር ተቀላቅሎበታል? ጎረቤትህስ እንዴት ነው? በሉት። አንድ ሰው ብቻውን የታመመ መስሎ ሲመጣ ከኋላው መንደር ሊኖር ይችላል።

የበሽተኛውን አማርኛ ስሙ። ደነዘዘኝ ያለ ሰውና ሰለለብኝ ያለ ሰው አንድ ነገር አልነገሯችሁም። የደነዘዘው ምናልባት ዛሬ ጠዋት የጀመረው ነው፤ ሰዓት ይቆጠርለታል። የሰለለው ቀጥኖና መንምኖ ወራት ያለፈው ነው። ጠረኑ ተለወጠ የምትል እናት መበስበስ መጀመሩን ከእናንተ ቀድማ አውቃለች። ያቃስታል የምትል እናት ደግሞ ሕይወት እንዳለ እየመሰከረች ነው። ደም ፈጽሞ የተቋረጠበት ጡንቻ ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ለመመለስ ያስቸግራል፤ ቃል ስትመርጡ የምታጠፉት ደቂቃ ከዚያው ላይ የሚቀነስ ነው።

ወጌሻውንም አትስደቡ። እኔ በወጣትነቴ ብዙ ሰድቤአለሁ፤ ያተረፍሁት ነገር ቢኖር ቀጣዩ ልጅ ዘግይቶ እንዲመጣ ማድረግ ብቻ ነው። በኋላ ግን አንዱን ጠርቼ የጣቶቹን ጫፍ ገልጦ እንዲተው፣ ጣት ካበጠ ወይም ከቀዘቀዘ ያንኑ ሰዓት እስራቱን እንዲፈታ አሳየሁት። ጥፍር መጫንንም አስተማርሁት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጆች ራሱ ይዞልኝ መጥቷል።

የዚያች ሌሊቱ ልጅ ጨርቁ ደሙን ጨርሶ አልዘጋበትም ነበር። መምህሬ ጡንቻውን የጠቀለለውን ሽፋን በረጅሙ ሰነጠቁት፤ ታፍኖ የነበረው ሥጋ ገንፍሎ ወጣ፤ ቀስ በቀስም ቀላ። በመጨረሻ የቀረበት የትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ ጫፍ ነው። ሊነጋ ሲል ካርዱን አመጡልኝ። ጋንግሪን ያልሁትን በአንድ መስመር ሰርዘውት ከጎኑ እንዲህ ጽፈውበታል፦ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20። ጥፍሩ ቅላት ይመልሳል። መርፌ ይሰማዋል።»