ጆሮ ደግፍ ዶርም ሲገባ መጀመሪያ የፈተናውን ነገር ጨርሱ

ሰላም እህቴ። ፕሮክተር በሆንሽበት ዶርም ሦስት ተማሪዎችን ጆሮ ደግፍ እንደያዛቸው ጽፈሻል። «ክፍሎቹን በክሎሪን አስጸድተን ማስክ ብናስደርግ ይበቃል ወይ?» ነው ጥያቄሽ። አይበቃም። የኮሌጅ ክሊኒክ ነርስ ሆኜ ስሠራ ይሄው ወረርሽኝ ገጥሞን ስለነበር ያየሁትን ልንገርሽ።

በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው በምራቅና ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ሲያወሩ በሚወጣ ፍንጣቂ ነው። ስለዚህ ከወለሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ አንድ ኮዳ እየተቀባበሉ መጠጣትና ማንኪያ መዋዋስ ነው። የበር እጀታ መወልወሉም ጥሩ ነው፤ ጉልበታችሁን ግን እዚያ ላይ አትጨርሱ።

የታመመ ተማሪ ጉንጩ ማበጥ ከጀመረ በኋላ ለ5 ቀን ከሰው መለየት አለበት። ቫይረሱ እብጠቱ ከመታየቱ 2 ቀን ቀድሞም ይተላለፋል። ጉንፋን ብቻ መስሏቸው የሚያልፉም አሉ። ሁሉንም አትደርሺበትም፤ ያበጠውን ግን በመጀመሪያው ቀን ማግኘት ትችያለሽ።

እኛን ያስቸገረን ይሄኛው ነበር። ልጆቹ ይደበቁን ነበር። ፈተና ያመለጠው ተማሪ ወረቀት አምጣ እየተባለ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት አይተዋላ! ፊቱን በሻርፕ ጠቅልሎ «ጥርሴን ነው» ብሎ ፈተና የተቀመጠ ልጅ አስታውሳለሁ። አጠገቡ ስንት ሰው እንደነበር አስቢው። ነገሩ የተለወጠው ክሊኒኩ የበሽታውን ስም ሳይጠቅስ በቀጥታ ለሬጅስትራር እንዲያሳውቅና ፈተናው ያለ ማመልከቻ እንዲራዘም ሲወሰን ነው። ከዚያ በኋላ ራሳቸው እየመጡ «ጉንጬን እዩልኝ» ይሉን ጀመር። ስለዚህ ዛሬውኑ ዲኑ ጋ ግቢ። ለብቻ የሚያድሩበት ክፍልና ምግብ የሚያደርስላቸው ሰውም ይዘጋጅ። ካፌ ተሰልፎ የሚበላ ልጅ ተለይቷል አይባልም።

ክትባት ላይ ብዙ ክርክር ይነሳል። ኤምኤምአር የሚባለው የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ሁለት ዶዝ ሲወሰድ ጆሮ ደግፍን 86 በመቶ ገደማ ይከላከላል፤ አንድ ዶዝ ደግሞ 72 በመቶ ገደማ። ጉልበቱ በዓመታት ውስጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ተከትቦ የሚታመም ሲያጋጥም «ክትባቱ ውሸት ነው» የሚል አይጠፋም። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከ6,500 በላይ ሰው ሲታመም በብዛት የተጎዱት የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሁለት ዶዝ የወሰዱ። በ2017 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የክትባት አማካሪ ኮሚቴ በወረርሽኝ ጊዜ ይበልጥ ለሚጋለጡ ሰዎች ሦስተኛ ዶዝ እንዲሰጥ መከረ። እናንተ ጋ ማን ይከተብ የሚለውን የጤና ቢሮው ይወስን። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ በብዙ አገሮች የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ ጆሮ ደግፍ የለም። «የኩፍኝ ተከትቤያለሁ» የሚል ተማሪ ካርዱ ይታይ። ቫይረሱ አስቀድሞ ገብቶበት ከሆነ ክትባቱ ያንን አያቆመውም፤ ለሚቀጥለው ግን ይጠቅመዋል። ነፍሰ ጡሮችና የመከላከል አቅማቸው በጣም የተዳከመ ሰዎች አይወስዱትም።

መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ አትዙሩ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ማስታገሻ፣ ብዙ ፈሳሽና ለማኘክ የማያስቸግር ምግብ ይበቃል። ወንዶቹን ግን ሳታፍሪ ንገሪያቸው፦ የዘር ፍሬ ማበጥና ሕመም ከመጣ ቶሎ ሐኪም ይያቸው። እነሱ አፍረው ይቆያሉ። ኃይለኛ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር ሲመጣ ወይም ጆሮ አልሰማ ሲል ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

አዲስ ታማሚ ሲጠፋ ደግሞ ቶሎ አትዘናጉ። ቫይረሱ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ ከ12 እስከ 25 ቀን ይወስዳል። አለቀ የሚባለው የዚህ እጥፍ፣ ማለትም 50 ቀን፣ ያለ አዲስ ታማሚ ሲያልፍ ነው። እስከዚያ ለፈተና ያወጣችሁትን ደንብ አታንሱት።