የዋልያስ ምርጥ አልበም የቱ ነው? ጥያቄና መልስ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኮዬ ፈጬ ተሰብስበን ሙዚቃ ስናደምጥ የተነሳው ክርክር ሳይቋጭ ነው የተለያየነው። በመሣሪያ ሙዚቃው የታወቀው የአዲስ አበባው የዋልያስ ባንድ ምርጥ አልበም የትኛው ነው? ገሚሱ «ቼ በለው» አለ፣ ገሚሱ «ወደ ሐረር ጉዞ» አለ፣ እኔና ጥቂት ሰዎች ደግሞ «ትዝታ» ላይ ጸናን። ከዚያ ወዲህ ከየሰፈራችሁ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እነሆ መልሻለሁ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ጋሼ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ ይንገሩን። ምርጡ የቱ ነው?

«ትዝታ» ነው፤ በ1975 በካሴት የወጣው። ዋልያስ እንደ አንድ ሰው ሲተነፍስ ከሁሉ አጥርቶ የሚሰማው እዚያ ካሴት ላይ ነው። የቀረጹት በሚሠሩበት በአዲስ አበባ ሂልተን፣ እንግዳ በሌለበት ሰዓት ነበር። ሌሊት ሌሊት የሚጫወቱበት ቤት ነውና አንዱ የሌላውን ድምፅ ፍለጋ አይደናበርም። የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ዜማውን ይዞ ይሄዳል፤ ነፋሾቹ ሲፈለጉ ብቻ ይገባሉ፤ ቤዙ አይቸኩልም። ራሱን ለማሳየት የሚሻማ ሰው የለም። እንዲህ ያለ መተማመን በስቱዲዮ ልምምድ ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም።

ከገላን፦ «ሙዚቃዊ ስልት»ን የያዘ አልበም እንዴት ሁለተኛ ይወጣል? ዓለም ያወቀን በእሱ አይደለም እንዴ?

ወንድሜ፣ በዘፈኑ ላይ ክርክር የለኝም። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» ይህች አገር ካወጣቻቸው የመሣሪያ ሙዚቃዎች ሁሉ ከፊት የሚሰለፍ ነው። ቤዙ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ ነፋሾቹ ከላይ ይመጡበታል፤ ከዚያ በኋላ እግርን ማስቆም አይቻልም። በ1998 ዳክታሪስ የተባለው የኒው ዮርክ ቡድን በራሱ አልበም ላይ የተጫወተውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያም ወዲህ ብዙ የውጭ ባንዶች ተቀባብለውታል።

ነገር ግን የተጠየቅነው ስለ አልበም ነው። «ቼ በለው» በ1977 በካይፋ ሪከርድስ በሸክላ ሲወጣ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ገብቶበታል፣ ግርማም በፒያኖና በድርሰት አለበት። ትልልቅ ሰዎች የተሰበሰቡበት ሥራ ነው፤ ውበቱም ከዚያ ይመጣል። «ሎሚ ተራ ተራ»ን ስሙት፤ ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀው ዜማ ነው፣ እነሱ ግን ልብስ ቀይረው አምጥተውታል። ይሁንና ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ስትሻገሩ ባንዱ መልኩን ይቀያይራል፤ አንዱ ላይ የሙላቱ ጥላ ይጎላል፣ ሌላው ላይ የግርማ። «ትዝታ» ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሉት ዋልያሶቹ ራሳቸው ናቸው። እኔ የምመርጠው በዚህ ነው። «ቼ በለው»ን አንደኛ የሚል ሰው ተሳስቷል አልልም፤ ምርጡን ዘፈን ከምርጡ አልበም ጋር አንድ አድርጎታል እላለሁ።

ከሰበታ፦ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ከውድድር ማስወጣትዎ ፍትሐዊ ነው?

ፍትሐዊ ነው፤ ምክንያቱም የዋልያስ ሥራ አይደለም። በ1978 ኃይሉ መርጊያ ያንን ካሴት የሠራው በግዮን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ከዳህላክ ባንድ ጋር ነው። ኦርጋን ተጫዋቹ አንድ ሰው ስለሆነ ነው ብዙዎቻችን የምንቀላቅለው። የኃይሉ መርጊያ ምርጥ ሥራ የቱ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ ግን መልሴ ይቀየር ነበር። «እምቧ በይ ላሚቱ»ን ሲጫወት ኦርጋኑ ከዘፋኝ ባልተናነሰ ይናገራል። ዳህላኮች ከዋልያስ ይልቅ ወደ ሶል፣ ማለትም ወደ ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ፣ ያዘነብላሉ፣ ምቱም ዘና ያለ ነው። በ2016 በድጋሚ ሲታተም ብዙ ወጣት ያገኘው በዚህ ይመስለኛል።

ከጣፎ፦ እኔ ዘፈን የምወደው በግጥሙ ነው። ግጥም የሌለውን ሙዚቃ አንድ ሙሉ አልበም እንዴት ልስማ?

እኅቴ፣ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ነው።

ዋልያሶች ከተጫወቷቸው ዜማዎች ብዙዎቹ ግጥም አላቸው፤ ግጥሙ ያለው ግን እርስዎ ዘንድ ነው። ኦርጋኑ የታወቀ ዜማ ሲጀምር አዳማጩ በሆዱ ቃሉን ይሞላል። ኃይሉ መርጊያ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ዘፋኝ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ እጁን ያነሣል፤ ዘፋኝ ድምፁን የሚያንቀጠቅጥበት ቦታ ላይ ጣቱን ያመላልሳል። እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ፤ «ትዝታ» የሚለውን ቁራጭ ይክፈቱና መጀመሪያ ኦርጋኑን ብቻ ይከተሉ። የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ በዶ ብንጀምር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከእነዚህ አምስቱ ሳይወጣ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ያስተውሉ። ዳግመኛ ሲሰሙ ኦርጋኑን ተዉትና ቤዙን ይከተሉ፤ መላከ ገብሬ ነው የሚጫወተው። ዝም የሚልበትን ቦታ ይጠብቁ።

ሌላም ነገር አለ። በደርግ ዘመን የዘፈን ግጥም በሳንሱር ያልፍ ነበር። የመሣሪያ ሙዚቃ ላይ የሚሰረዝ ስንኝ የለም። አድማጩ በሆዱ የሚለውን ደግሞ ማን ይሰርዛል?

ከቡራዩ፦ እውነት እስከ ንጋት ነበር የሚጫወቱት?

እውነት ነው። በሰዓት እላፊው ምክንያት እላፊው ሳይደርስ ወደ ቤቱ ያልገባ እንግዳ እስኪነጋ እዚያው ሂልተን ያድር ነበር፤ ባንዱም አብሮ ያነጋ ነበር። እኔ «አይቸኩሉም» ስል ይህን ማለቴ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ሰው ጉልበቱን በመጀመሪያው ዘፈን አይጨርስም። ይህ አካሄድ በካሴቱ ላይም ይሰማል።

ከሱሉልታ፦ ከአባቴ የወረስኩት ካሴት ላይ ሙዚቃው ከኢንተርኔቱ ዝግ ያለና የወፈረ ነው። ትክክለኛው የቱ ነው? በዚህ ምክንያት እሁድ ዕለት ስለ ቅኝቱ ተጨቃጭቀናል።

ጭቅጭቁን ሰምቼዋለሁ፤ ቴፕ በመጠገን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ በቸልታ ማለፍ አልችልም። ጥፋቱ የካሴቱ ሳይሆን የማጫወቻው ይመስለኛል። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። ሞተሩን ከሚዞረው ጎማ ጋር የሚያገናኘው የላስቲክ ቀበቶ በዕድሜ ይለጠጣል፤ ያኔ ክሩ ይዘገያል። ፍጥነቱ በመቶ 6 ገደማ ከቀነሰ ድምፁ ሁሉ ግማሽ ደረጃ ይወርዳል። ቅኝቱ ግን አይቀየርም፤ ትዝታው ያው ትዝታ ነው፣ የሚነሣበት ድምፅ ብቻ ነው ዝቅ ያለው። እናንተ የተጨቃጨቃችሁት በዚህ ነው፤ ሁለታችሁም የሰማችሁትን በትክክል ሰምታችኋል።

ቀበቶውን ያስቀይሩ። ክሩን የሚያነበውን ሄድና ክሩን የሚስበውን ትንሽ ጎማ አጣቢ አልኮል ባስነካው ጥጥ ቀስ አድርገው ይጥረጉ፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ካሴቱ ውስጥ ክሩን ከሄዱ ጋር የሚያስጠጋ ትንሽ ስፖንጅ መሰል ነገር አለ፤ ወድቆ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። ይህን ሁሉ ሳያደርጉ ወደ ኮምፒውተር እንዳይገለብጡት አደራ። በተለጠጠ ቀበቶ የተገለበጠ ካሴት ለልጅ ልጅ ስሕተቱን ያወርሳል።

ከገላን፦ አይቤክስ ባንድና ዋልያስ አንድ ናቸው?

አይደሉም። አይቤክስ በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን የሠራው፣ ኋላ ሮሃ ባንድ የሆነው ነው።

ከሰበታ፦ ባንዱ ለምን ተበተነ?

በ1981 ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ። ይኸው ነው። በመካከላቸው ጠብ ነበር እያላችሁ የምታወሩትን አልቀበልም። በዚያን ዘመን መቅረትም መመለስም ከባድ ውሳኔ ነበር፤ በየትኛውም ወገን ባለው ላይ መፍረድ አይገባንም። ኃይሉ ኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ በትርፍ ሰዓቱም መለማመዱን አልተወም። ይህን ጽናት ሳስበው ሁልጊዜ አከብረዋለሁ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ በ1985 የወጣው «ሸሞንሟናዬ»ስ?

የኃይሉ የብቻ ሥራ ስለሆነ ከጥያቄያችን ውጭ ነው። አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር፣ ከስር የማሽን ምት። እሁድ ዕለት «ባዶ ነው» ብላችሁ ያለፋችሁት «አምባሰል» ግን እንደገና ሊደመጥ ይገባዋል። አገሩን የተለየ ሰው በሌሊት ብቻውን ሲጫወት ነው የምሰማው። በ2013 ዳግም መታተሙ ነው ሰውዬውን ወደ መድረክ የመለሰው፤ ከዚያ «ላላ በሉ» በ2018፣ «የኔ ምርጫ» በ2020 ተከተሉ።

ከጣፎ፦ «ቼ በለው»ን በሸክላ በውድ የሚሸጥልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ልግዛ?

የ1977ቱ እትም ነው ካለዎት ከመክፈልዎ በፊት በመካከሉ ያለውን ክብ ወረቀት ይዩ፤ የካይፋ መሆን አለበት። በ2014 ዳግም ታትሟል፤ ያኛውም ደኅና ነው፣ ዋጋው ግን የመጀመሪያው እትም ዋጋ ሊሆን አይገባም። ለመስማት ብቻ ከፈለጉት የድጋሚውን ይግዙ። «ትዝታ»ም በ2021 በሸክላ ወጥቷል።

ከኮዬ ፈጬ፦ ልጄ ኪቦርድ እየተማረች ነው። ከዋልያስ የቱን ትጀምር?

«ሙዚቃዊ ስልት»ን። አዎ፣ እኔው ነኝ የምለው። የቤዙን ሐረግ በግራ እጇ ብቻ፣ በዝግታ፣ ሳትሰለች ትመላልሰው። ግራው ሳያስብ መሄድ ሲጀምር የነፋሾቹን ዜማ በቀኝ ትጨምርበት። ሁለቱ እጆቿ ሲስማሙላት እሁድ ይዘዋት ይምጡ፤ ኪቦርዱን እኔ አዘጋጃለሁ።