አረቄ ያቆመች ሴት ለምን ትወድቃለች?

ጥያቄ፦ ከቃሊቲ ወጣ ብሎ ባለ የሴቶች መጠለያ እሠራለሁ። ጎዳና ላይ ሳለች በየቀኑ አረቄ ትጠጣ የነበረች ሴት ገባችና፣ በደንባችን መሠረት በዕለቱ መጠጡን አስቆምናት። በማግስቱ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ማታ አንዘፍዝፎ ጣላት። ግማሹ «ይለቃታል»፣ ግማሹ «ጠበል ትሂድ» አለ። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ በአንድ ጊዜ ማስቆማችሁ ላይ። አልኮል ያደነዝዛል፤ በየቀኑ ሲጠጣ አንጎል ድንዛዜውን ለመቋቋም ራሱን ያነቃል። መጠጡ ድንገት ሲቀር መነቃቃቱ ልጓም ያጣል። መንቀጥቀጥና ላብ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይመጣል፤ የሚጥለውም በአብዛኛው 48 ሰዓት ሳይሞላ ነው። የባሰው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን የሚነሣው መቃዠት ነው፦ የሌለ ሰው ታያለች፣ ያለችበት ይጠፋባታል፣ ትተኩሳለች። ይህ ይገድላል። ጠበሉ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሐኪም ቤት።

ሲጥላት በጎኗ አስተኟት፤ ነጠላ አጥፋችሁ ከራሷ ሥር አድርጉ። ክብሪት ማሽተት፣ ጥርሷ መሀል ማንኪያ ማስገባት ይቅር። ቢለቃትም ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።

ሐኪም ቤት ስትደርሱ ጠጪነቷን አትደብቁ። «ደክማለች» ተብሎ ግሉኮስ ብቻ ቢተከልላት አደጋ አለው፤ እህል ትታ በአረቄ የኖረች ሴት ቫይታሚን ቢ1 ስለሚያጥራት አንጎሏ ሊጎዳ ይችላል፤ የቢ1 መርፌ ይቅደም። ማስታገሻው ዳያዜፓም ነው፤ እናንተ ግን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ። ተደብቃ ጠጥታ ከሆነ ትንፋሿን ሊያቆመው ይችላል።

ለወደፊቱ ስትቀበሉ «ትጠጫለሽ?» አትበሉ፤ አልጋውን እንዳታጣ «አልጠጣም» ትላለች። በቀን ስንት መለኪያ እንደምትጠጣ፣ ጠዋት ሳትቀምስ እጇ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ጥሏት ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። ከኋለኞቹ ሁለት ለአንዱ «አዎ» ካለች በሐኪም እስክትታይ አታስቁሟት፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም ሪፈር ሊጽፉላት ይችላሉ። እርጉዝ መሆኗም ይመርመር።

መጠጥ ግቢ አይግባ የሚለው ደንብ ይኑር። ጠጥታ የመጣች አትገባም የሚለው ግን ይነሣ፤ ብዙዎቹ የሚጠጡት ብርዱንና የሌሊቱን ፍርሃት ለመርሳት ነው፤ በሩ ሲዘጋባቸው የሚመለሱትም ወደዚያው ነው።

መታወቂያ የሌላት ካርድ ክፍል ላይ እንዳትጉላላ የመጠለያው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ በእኩለ ሌሊት ማኅተም ያዥ አይገኝም።